የቅድስት ኢሪያ በር ጠባቂ

በከተማችን አደባባይ ማለት የሞተ ገዳም ማለት ነው። ሰው ይህን ሲሰማ ይስቃል፤ ነገሩ ግን እንዲሁ ነው። ገበያው የቆመው መነኮሳት ጎመን ይኮተኩቱበት በነበረ መሬት ላይ ነው። ወታደር የሚሰለፍበት ሜዳ የቤተ መቅደስ ወለል ነበር። ከቲያትር ቤቱ ፊት ሽማግሌዎች ተቀምጠው የሚያዛጉበት የድንጋይ አግዳሚ፣ ገልብጠው ቢያዩት ሆዱ ላይ የመቃብር ጽሑፍ አለበት። መንግሥት በፈረንጆች አቆጣጠር በ1834 የወንዶቹን ገዳማት በአንድ ወረቀት ዘጋ። ለሴቶቹ ግን፣ አፍሮ ይሁን ፈርቶ፣ ሌላ ዘዴ አበጀላቸው፤ አዲስ መነኩሲት አትግባ፣ ያሉትም አንድ በአንድ ይሙቱ፣ የመጨረሻዋ ዐይኗን ስትከድን ቤቱም መሬቱም የመንግሥት ይሁን ተባለ። እንግዲህ ከተማው ሃምሳ ዓመት ሙሉ ሴቶች እስኪሞቱለት ተቀምጦ ጠበቀ። ሰው ቢያደርገው ነውር የሚባለውን ከተማ ሲያደርገው ትዕግሥት ይባላል።

ከእነዚህ ሁሉ አደባባዮች የቅድስት ኢሪያው የአትክልት ስፍራ ብቻ ጠማማ መንገድ አለው። መንገዱ ከላይኛው ማዕዘን ተነሥቶ፣ አበባ መደቦቹን እንደ ዳቦ በሰያፍ ቆርጦ፣ ታችኛው ጎዳና ላይ ይወጣል። ለምን እንዲያ ሆነ ብሎ የሚጠይቅ የለም። መንገዱን ያቆየው ዛካሪያስ የሚባል በር ጠባቂ ነው። ያቆየውም በውሸት ነበር።

ዛካሪያስ የተወለደው በቅድስት ኢሪያ የሴቶች ገዳም አጥር ላይ በተለጠፈች አንዲት ክፍል ቤት ነው። አያቱም አባቱም በር ጠባቂና አትክልተኛ ነበሩ። ከእነሱ የወረሰው ሦስት ነገር ነው፤ የክንድ ያህል የሚረዝም ቁልፍ፣ የብርቱካን ዛፎቹን የመግረዝ ሙያ፣ እና የበሩን ሥርዐት።

ሥርዐቱ እንዲህ ነው። ከላይ ልብስ አጣቢዎቹ የሚኖሩበት ሰፈር አለ፤ ከታች ሐኪሙ፣ ዳቦ ቤቱና ምንጩ ያሉበት ጎዳና አለ። በመካከላቸው የገዳሙ ሰፊ አትክልት ተዘርግቷል። በአትክልቱ ውስጥ ለውስጥ ሁለት መቶ እርምጃ ነው፤ በአጥሩ ዙሪያ ከተሄደ ግን ጉልበት የሚያንቀጠቅጥ ቁልቁለትና ሩብ ሰዓት ያስከፍላል። ደናግሉ ከጥንት ጀምሮ ሰፈርተኛው በውስጥ እንዲያልፍ ፈቅደዋል። ይህ ግን ጸጋ ነው እንጂ መብት አይደለም። ጸጋው እያደር መብት እንዳይሆን፣ በዓመት አንድ ቀን፣ ቅድስት ኢሪያ በምትከበርበት በኦክቶበር ሃያ፣ በሩ ከፀሐይ መውጫ እስከ መጥለቂያ መቆለፍ ነበረበት። በዚያ ማለዳ ዛካሪያስ ከበሩ ቅስት ሥር ይቆምና ቁልፉን ሦስት ጊዜ ያዞራል፤ የመቆለፊያው ሆድ ሦስት ጊዜ ያጓራል። ከዚያ፣ «በሩ ተዘግቷል! መንገዱ የቅድስት ኢሪያ ነው!» ብሎ ይጣራል። ልክ ከቅስቱ በላይ በእንጨት ርብራብ የተሸፈነ መስኮት አለ። ከዚያ ውስጥ እመ ምኔቷ እማሆይ ዴልፊና፣ «የቅድስት ኢሪያ ነው» ብለው ይመልሱና በመዝገባቸው ላይ በእጃቸው ይጽፋሉ፤ ተዘግቷል። ከዚያ እስከ ማታ ከጸሎት አይነሡም፣ ለሰውም አይናገሩም።

በ1855፣ በዚያ ቀን፣ ዛካሪያስ የሠላሳ አራት ዓመት ሰው ነበር። ከቀትር በኋላ ከተዘጋው በር ጀርባ ተቀምጦ መጥረጊያ ያስራል። በሩ ተመታ። አሁንም ተመታ።

«ክፈቱ! ስለ እመቤታችን ብላችሁ ክፈቱ! ልጄ ትንፋሽ አጠራት!»

ድምፁን ዐወቀው። ባልቢና ናት፣ ከላይኛው ሰፈር፣ ባሏ በእርሻ ሥራ ላይ የሞተባት ወጣት አጣቢ። ልጅቷም ሮዛሊና ናት፤ አራት ዓመቷ ነው፤ ከዛካሪያስ እጅ ብርቱካን ስትቀበል «ሌላ የለም?» የምትል። ዛካሪያስ ተነሣ። እጁን ቁልፉ ላይ አኖረ። ከላይ የደናግሉ ዜማ ይሰማል። እመ ምኔቷን ልጠይቅ ቢል፣ በዚያ ቀን አይጠየቁም። አባቱ ሲሞት፣ «በዚያ ቀን ንጉሥም ቢመጣ» ብሎት ነበር፤ ልጅ የታቀፈች እናት ብትመጣ ግን ምን እንደሚደረግ አልነገረውም። ዛካሪያስ ቆሞ ተነፈሰ። ስንት ጊዜ እንደ ተነፈሰ እስኪሞት አይረሳም፤ አሥራ አንድ ጊዜ ነው። በአሥራ ሁለተኛው ቁልፉን ወደ ቀዳዳው ሲያስጠጋ፣ የእንጨት ጫማዋ ኳኳታ በአጥሩ ሥር እየሮጠ ራቀ።

ሮዛሊና ከሐኪሙ ደጃፍ ሦስት ደረጃ ሲቀራት በእናቷ ትከሻ ላይ ሞተች።

በቀብሩ ቀን ከትንሿ ሳጥን አንዱን ጫፍ የያዘው ዛካሪያስ ነው። ባልቢና እጁን ይዛ፣ «እግዜር ይስጥህ አያ ዛካሪያስ፣ አንተ ባትኖር ማን ይሸከምልኝ ነበር» አለችው። ሰው በስድብ ይሞታል ይባላል። ምስጋናም ይገድላል፤ የሚለየው ቀስ ብሎ መግደሉ ነው።

በዓመቱ ኦክቶበር ሃያ ሲመጣ ዛካሪያስ በሩን አንድ ክንድ ያህል ገርበብ አድርጎ ተወው። ቁልፉን ሦስት ጊዜ አዞረ። የብረቱ ምላስ ወጥቶ አየር ላይ ቀረ፤ የመቆለፊያው ሆድ ግን እንደ ወትሮው አጓራ። «በሩ ተዘግቷል!» አለ። «የቅድስት ኢሪያ ነው» አሉ እማሆይ፤ ጻፉም። መስኮቱ ከቅስቱ በላይ ስለሆነ በሩን አያሳይም። ያንን ጨምሮ ሠላሳ አንድ ዓመት እንዲሁ ሆነ። ሰፈርተኛው እየሰማ በእግሩ ጫፍ እየተራመደ ያልፋል፤ ሴቶቹ የልጆቻቸውን አፍ ይይዛሉ። «አያ ዛካሪያስ ሲጮኽ ዝጉ ማለቱ ሳይሆን ፍጠኑ ማለቱ ነው» ይባላል። ከእማሆይ በቀር የማያውቅ አልነበረም። ምክንያቱን ግን ማንም አያውቅም፤ ባልቢና ደግሞ በዚያ ቀን ወደ በሩ ደርሳ አታውቅም፣ እቤቷ ትውላለች።

በ1887 ጸደይ እማሆይ ዴልፊና ብቻቸውን ቀርተው ነበር፤ ሰማንያ አራት ዓመታቸው። የከተማው መሐንዲስ፣ ሆዱ ከሱ ቀድሞ የሚገባ ሰው፣ ዛካሪያስን ብርቱካን ሲገርዝ አገኘው።

«አያ ዛካሪያስ፣ እኚያን አሮጊት ምን ታበላቸዋለህ? ሁላችንንም ሊቀብሩ ነው እኮ!»

«የዳቦ ሾርባ በነጭ ሽንኩርት። አንተም ብትሞክረው ቀበቶህ አንድ ቀዳዳ ይተርፈው ነበር።»

መሐንዲሱ ስቆ ተቀመጠ፤ ሳቁ ግን ቶሎ አለቀ። የቡሽ ነጋዴው ቫላዳሬስ መሬቱን በሙሉ እማሆይ እንዳረፉ ሊገዛ ከመንግሥት ጋር ተስማምቷል። አጥሩን ከፍ ያደርጋል፤ ዛፎቹን ይቆርጣል፤ ፋብሪካ ይሠራል። መንገዱም ያኔ ያበቃል።

«ከተማው ከሱ ጋር ተጫርቶ አይችለውም» አለ መሐንዲሱ። «አንድ ቀዳዳ ብቻ አለች። መንገዱ የሕዝብ ከሆነ፣ መሬቱ ለሁለት ስለሚቆረጥ ቫላዳሬስ አይፈልገውም፤ ለኛ ይቀራል፣ አደባባይና አትክልት እናደርገዋለን። የሕዝብ ለመሆን ደግሞ ሠላሳ ዓመት፣ አንዲት ቀን እንኳ ሳይቋረጥ፣ ተከፍቶ መኖር አለበት።»

ዛካሪያስ መቀሱን አጠፈ። «ሰፈሩ ይመስክር።»

«የሚያልፍበት ሰው ቃል ሚዛን አይደፋም። በዚያ ላይ የእማሆይ መዝገብ በየዓመቱ ተዘግቷል ይላል። ዳኛው የሚፈልገው አንድ ሰው ነው፤ ቁልፍ ያዡን።» መሐንዲሱ ባርኔጣውን አነሣ። «እኔ አልለምንህም። ሽማግሌ ሰው ነህ፤ እማሆይን አታልያለሁ ብለህ በአደባባይ ተናገር አልልህም። ጁን ሦስት ቀን ግን ዳኛው ይመጣል።»

ዛካሪያስ እማሆይን ማታለሉ ከበደው፤ ይሁን እንጂ እንቅልፍ የነሣው ሌላ ነገር ነው። ጠበቃ ባለበት ቤት «ምን አደረግህ» ከሚለው ቀጥሎ «ለምን» የሚል ጥያቄ እንዳለ ያውቃል። ለምን የሚለውን ለመመለስ ደግሞ ባልቢና ሳትሰማ የሚሆን አልነበረም። ስለዚህ በዋዜማው አስቀድሞ ሊነግራት ወደ ማጠቢያው ገንዳ ሄደ።

ባልቢና እጅጌዋን እስከ ክርኗ ጠቅልላ አንሶላ በድንጋይ ላይ ትደበድባለች። ሃምሳ ሰባት ዓመቷ ነው፤ ምላሷ ግን አላረጀም።

«ምነው አያ ዛካሪያስ፣ እንደ አማላጅ ሽማግሌ ቆመህ ቀረህ? ለማን ልትለምነኝ ነው? ጥርስ ያለው ከሆነ ተቀመጥ!»

ሌሎቹ አጣቢዎች ሳቁ። እሱ አልሳቀም።

«ነገ ትመጫለሽ?»

«ቀርቼ! ያቺ ከርብራብ ጀርባ ያለች ስትሸነፍ ሳላይ አልሞትም።» አንሶላውን ጠመዘዘችው። «ያን ቀን ከበሩ ኋላ ሰው ነበር። ለማንም አልነገርኩም፣ ላንተ ልንገርህ፤ ትንፋሽ ሰምቻለሁ። በእንጨቱ ስንጥቅ በኩል፣ ልክ እዚህ፣ ጆሮዬ ሥር። መነኩሲት ናት። ቆማ አዳመጠችኝ። ለዚህ ነው በየማለዳው ስወርድ ደጃፋቸው ላይ የምተፋው።»

ዛካሪያስ አፉን ከፈተ። ሠላሳ ሁለት ዓመት ሙሉ ያ ምራቅ የማን እንደሆነ ሳያውቅ ጠርጎታል። «ጉልበትሽን ጨርቅ አልብሺው፣ የእንግዳ ቤቱ ድንጋይ ይቀዘቅዛል» አላትና ተመለሰ። ሰው በሕይወቱ ሁለት ጊዜ ከአንድ በር ጀርባ መቆም ይችላል፤ ሁለተኛው ጊዜ በር እንኳ አያስፈልገውም።

ነገሩ የታየው በገዳሙ የእንግዳ መቀበያ ክፍል ነው። በመካከሉ የብረት ፍርግርግ አለ፤ ከኋላው ጥቁር መጋረጃ፣ ከመጋረጃው ኋላ እማሆይ። በግድግዳው ውስጥ ዕቃ የሚቀባበሉበት ተሽከርካሪ የእንጨት ሳጥን ተተክሏል። ዳኛ ሎባቶ፣ ቀጭንና ሳል የማይለየው ሰው፣ ከጸሐፊው ጋር ጠረጴዛ ይዟል። የቫላዳሬስ ጠበቃ ፔሳኛ የገዳሙን መዝገብ ፊቱ ዘርግቷል። ሰፈርተኛው በር ላይ ተጨናንቋል። ባልቢና ጉልበቷ ስለሚያማት ከፊተኛው አግዳሚ ላይ አስቀምጠዋታል፤ ከዛካሪያስ እስከ እሷ አራት እርምጃ አይሞላም።

«ባለፈው ዓመት ኦክቶበር ሃያ በሩን ዘግተሃል?» አለ ዳኛው።

«አልዘጋሁም።»

ከመጋረጃው ኋላ መቁጠሪያ መሬት ላይ ወደቀ።

«ከዚያ በፊት ባለው ዓመትስ?»

«አልዘጋሁም።»

«ስንት ዓመት?»

«ሠላሳ አንድ፣ ክቡር ዳኛ።»

ጠበቃ ፔሳኛ መዝገቡን በጥፍሩ መታ። «ሠላሳ አንድ ጊዜ ተዘግቷል ተብሎ ተጽፏል። በእመ ምኔት እጅ። ይህ ሰው ዕድሜው ሲመሽ የከተማው ሰዎች አንድ ነገር ሹክ ብለውታል፤ ሌላ ምን ልበል?»

«ክቡር ዳኛ» አለ ከመጋረጃው ኋላ ቀጭን ድምፅ። ሁሉም ወደ መጋረጃው ዞሩ፤ ብዙዎቹ ያንን ድምፅ ከሦስት ቃል በላይ ሰምተውት አያውቁም። «ዛካሪያስ ሐሰት አይናገርም። ታሞ ይሆናል። ቁልፉን በየዓመቱ በገዛ ጆሮዬ ሰምቻለሁ፣ ሦስት ጊዜ። ሰው ሲያረጅ ያላደረገውን አደረግሁ ይላል። አትቆጡት።»

እየተሟገቱለት ነው። ዛካሪያስ ቁልፉን ከቀበቶው ፈታ። የሚመጣው አይቀርም።

«እማሆይ መስኮታቸው ላይ ይቀመጡ። እኔ ቁልፉን ላዙር፤ ዳኛው እንዳዘዙኝ፣ አንዴ ዘግቼ አንዴ ከፍቼ። የትኛው የትኛው እንደሆነ እሳቸው ይንገሩን።»

ወደ ቅስቱ ወጡ። ዳኛው በምልክት ብቻ ያዝዛል፤ መጀመሪያ መዳፉን ዘረጋ፣ ክፈት ማለቱ ነው። ዛካሪያስ በሩን ገርበብ አድርጎ ሦስት ጊዜ አዞረ።

«ተዘግቷል» አሉ እማሆይ ከላይ።

ዳኛው ጡጫውን ጨበጠ። ዛካሪያስ በእውነት ዘጋ።

«ተዘግቷል።»

አሁንም መዳፍ። ብረቱ አየር ላይ ወጣ። ከላይ እማሆይ ጆሯቸውን ወደ ርብራቡ ሲያስጠጉ እንጨቱ ተንቋቋ። አንዲት እርግብ ከቅስቱ ተነሥታ በረረች።

«ተዘግቷል» አሉ፤ ቀጥሎም፣ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ፣ «የተከፈተው የትኛው ነበር?»

ወደ ክፍሉ ሲመለሱ ፔሳኛ ላብ በላብ ሆኖ ነበር፤ ግን ጠበቃ ነው። «ይህ ሰው ሊያደርገው ይችል እንደነበር አሳየን። ማድረጉን ግን አላሳየንም። ሰው ያለ ምክንያት ሠላሳ አንድ ዓመት ጌታውን አያታልልም። ምክንያቱን ይንገረን!»

የፈራው መጣ። ዛካሪያስ ወለሉን እያየ፣ «ሰፈርተኛው አሳዘነኝ» አለ።

«አሳዘነህ! እስከ ሠላሳ አራት ዓመትህ ድረስ ዘግተሃል። በሠላሳ አምስተኛው በድንገት አዘንህ? ምን በልተህ?»

ከበሩ ላይ ሳቅ ተሰማ። ዳኛው ሳለና ብዕሩን አነሣ። «ሌላ ምክንያት ከሌለ፣ ቃሉን አልቀበለውም። ጻፍ» አለ ወደ ጸሐፊው።

ዛካሪያስ ቀና ሲል ዐይኑ ባልቢና ላይ ወደቀ። እሷ ራሷን ዝቅ ከፍ እያደረገች ታበረታታዋለች፤ በል እንጂ፣ ንገራቸው እንጂ፣ የሚል ፊት ነው ያላት። ያኔ መተንፈሱን እየቆጠረ መሆኑ ታወቀው። ስምንት፣ ዘጠኝ። አሥራ አንድ እስኪሞላ አልጠበቀም።

«በሃምሳ አምስት፣ በዚያ ቀን፣ አንዲት እናት ልጇን ይዛ በሩን መታች። ልጅቷ ጉሮሮዋ ተዘግቶ ነበር። እኔ ከጀርባው ነበርኩ። ቁልፉ እጄ ላይ ነበር። ሰማኋት። አልከፈትኩላትም።»

ጸሐፊው መጻፉን አቆመ።

ባልቢና አግዳሚውን ተደግፋ ተነሣች፤ ጊዜ ወሰደባት። «ትንፋሹ» አለች። «ያንተ ነበር?»

«የኔ ነበር።»

«ሳጥኗን ተሸክመሃል።»

«ተሸክሜያለሁ።»

«ትናንት ጉልበትሽን ጨርቅ አልብሺው አልከኝ።»

ሰዎቹ መንገድ ለቀቁላት። ከበሩ ወጥታ ወደ አትክልቱ አልታጠፈችም፤ የእንጨት ጫማዋ በአጥሩ ዙሪያ፣ ቁልቁለቱን፣ ቀስ እያለ ሲርቅ ሁሉም ሰማው። ዛካሪያስ ያንን ኳኳታ ሁለተኛ ጊዜ መስማቱ ነው። በዚህኛው ግን እየተራመደች እንጂ እየሮጠች አልነበረም።

«ዛካሪያስ» አሉ እማሆይ።

«እመት እማሆይ።»

«በየማለዳው ደጃፌ ላይ የምትተፋው ሴት እሷ ናት?»

«እሷ ናት።»

«እኔ ደግሞ ሳንባዋ የታመመ መስሎኝ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ስጸልይላት ኖርኩ።»

ዳኛው ጉሮሮውን ጠርጎ፣ ገዳሙ የበር ጠባቂውን ቃል ይቃወም እንደሆነ በትሕትና ጠየቀ። ከተቃወሙ መዝገቡ ይጸናል፤ ቫላዳሬስም ያሸንፋል። ከመጋረጃው ኋላ እማሆይ የወደቀውን መቁጠሪያ ከወለሉ ሲያነሡ ተሰማ። እኚያ ሴት በአሥራ ስድስት ዓመታቸው ገብተው፣ እህቶቻቸውን ሁሉ በእጃቸው ገንዘው፣ የቀራቸው አንድ ነገር ቢኖር ሥርዐቱ በሳቸው እጅ አለመጉደሉ ነበር። አሁን ያም የለም። እንግዲህ የቀራቸው እውነቱ ብቻ ነው፤ እሱም ደስ የሚያሰኝ አልነበረም።

«መዝገቡን በሳጥኑ አድርጉልኝ» አሉ በመጨረሻ።

የእንጨቱ ሳጥን እየተንቋቋ ዞረ፤ ዘገየ፤ ተመልሶ ዞረ። ዳኛው ተቀብሎ ጮክ ብሎ አነበበ፤ በተንቀጠቀጠ ፊደል እንዲህ ይላል፦ «በዚህ መዝገብ ከ1856 ወዲህ ተዘግቷል ብዬ የጻፍሁት በጆሮዬ ነው፤ በዐይኔ አላየሁም። ዴልፊና፣ እመ ምኔት።»

ፔሳኛ ወረቀቶቹን መሰብሰብ ጀመረ።

«ቁልፉን ደግሞ ስጠኝ» አሉ እማሆይ። ዛካሪያስ ቁልፉን ሳጥኑ ውስጥ አኖረው፤ ሳጥኑ ዞረ፤ ከዚያ ቀን ወዲያ አላየውም። ጎመንና ብርቱካን ማቅረቡን አላቋረጠም፤ እሳቸውም «እግዜር ይስጥህ» ማለታቸውን አላቋረጡም። ስለ በሩ ግን አንድም ቃል አልተናገሩትም። ይቅር ብለውት ይሁን አይሁን ሲያሰላስል ኖረ፤ በኋላ ግን፣ ጥያቄው ራሱ ስለ ራሱ ብቻ ማሰብ መስሎ ስለታየው ተወው። በ1889 ፌብርዋሪ ሲያርፉ፣ የገነዘቻቸው ሴት ቁልፉን ከቀሚሳቸው እጥፋት አግኝታ እዚያው ተወችው።

ቫላዳሬስ ፋብሪካውን ከወንዙ ማዶ ሠራ። ከተማው የጠበቀውን አገኘ፤ ገዳሙን አፈረሰ፣ ድንጋዩን ለጎዳና ጠረበው፣ ርብራቡን ለማገዶ ሸጠው። መሐንዲሱ ፕላን ሲነድፍ መንገዶቹን ሁሉ እንደ መስቀል ቀጥ ማድረግ ፈልጎ ነበር፤ የዳኛው ፍርድ ግን ሰያፉን መንገድ እንዳለ እንዲተወው አስገደደው። «ዕድሜ ልኬን የማፍርበትን ጠማማ መንገድ ሰጠኸኝ» ይለዋል ዛካሪያስን። ከተማው ባርኔጣ ሰጥቶ የአትክልቱ ጠራጊ አደረገው።

ባልቢና ግን በዚያ መንገድ አላለፈችም። እሱ ያቆየው መንገድ ላይ ዳቦ ጋጋሪው፣ ወታደሩ፣ ሕፃን የታቀፈችው ሁሉ ያልፋል። በሩን ስለ እሷ ብሎ የከፈተላት ሴት ግን ክረምት ከበጋ፣ ጥቅል ልብስ በራሷ ላይ ተሸክማ፣ አጥሩን ትዞራለች። ዛካሪያስ ከብርቱካኖቹ መካከል ሆኖ ኳኳታውን ይሰማል። ሦስት ዓመት ሰማው።

ከዚያ የአጥሩ ተራ መጣ። ሠራተኞቹ ከላይኛው ማዕዘን ጀምረው በአንድ ወር አፈረሱት። አጥሩ በነበረበት ጽጌረዳ ተተከለ፤ ከጽጌረዳው ወዲህም ወዲያም አትክልት ሆነ። ዙሪያ የሚባል ነገር ጠፋ።

በአንድ ማለዳ ባልቢና ጥቅሏን ተሸክማ መጥታ ቅስቱ በነበረበት ቦታ ቆመች። ከበሩ የተረፈው በንጣፉ መካከል ያለው የደጃፉ ድንጋይ ብቻ ነው። ግራ ቀኝ አየች። ዛካሪያስ ከድንጋዩ ሦስት እርምጃ ላይ ቅጠል ይጠርግ ነበር፤ መጥረጊያው ቆመ።

«የምዞርበትን አፍርሳችሁ ጨረሳችሁ» አለች።

«ከተማው ነው ያፈረሰው።»

«እጅህ ላይ ምንድን ነው?»

«መጥረጊያ።»

«ቁልፉስ?»

«ከእማሆይ ጋር ተቀበረ።»

ባልቢና የደጃፉን ድንጋይ አየች። እንደ ልማዷ ምራቋን በአፏ ሰበሰበች፤ ቀና ብላ ዛካሪያስን በዐይኑ ውስጥ አየችው፤ ተፋችም። ምራቁ ከእግሩ ፊት አረፈ። እሱ አልሸሸም። ከሠላሳ አምስት ዓመት በኋላ ያ ምራቅ ባለቤቱን አገኘ፤ እንግዳ ነገር ነው፣ ደረቱ ላይ የነበረ አንድ ድንጋይ ወደ ቦታው ገባለት።

«እንግዲያው ከመንገድ ዘወር በል» አለች። «ላልፍ ነው።»

ዘወር አለላት። የእንጨት ጫማዋ ጠማማውን መንገድ ይዞ ወረደ። ዛካሪያስ ከኋላዋ እያየ እርምጃዋን ቆጠረ፤ ለወጣት ሁለት መቶ የነበረው ለሷ ሁለት መቶ ስድሳ ሆነ። ወደ ኋላ አላየችም። ከታችኛው ጎዳና ስትደርስ ኳኳታው በገበያው ጫጫታ ተዋጠ።

በማግስቱም በዚያው ሰዓት መጣች። ዛካሪያስ ከድንጋዩ አጠገብ ቆሞ፣ ኮፍያውን አውልቆ፣ ይጠብቃት ነበር።